የክረምት ጥገና፦ የቆየች ፋይበር ግላስ ጀልባ፣ የሚሰምጥ ዴክና የተሰነጠቀ የአየር ሳጥን

ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ቤተሰብ። ላንጋኖ የምናቆያትን ባለ ሸራ ጀልባ ዝናቡ ሳይከብድ ጎትተን አዲስ አበባ አስገብተናታል። ተክለ ሃይማኖት፣ አጎቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጎታቿ ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ አምስት ሜትር ገደማ ነው። የሸጡልን ሰዎች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የተሠራች ናት ብለውናል፤ የአምራቹ ሰሌዳ ግን የላትም።

ታጥባ ስትደርቅ የታየው ይህ ነው። ከምሰሶው ፊት ያለው ዴክ (የላዩ ወለል) ሲረገጥ ይሰምጣል። በመዶሻ እጀታ ሳንኳኳው ዳርዳሩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መሃሉ ግን የእንጀራ ምጣድ በሚያህል ስፋት የታፈነ ነው። አንዱን ብሎን ስፈታው ከቀዳዳው ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ። የፊተኛው የአየር ሳጥን (ጀልባዋ እንዳትሰምጥ አየር የታሸገበት ክፍል) ከቀፎው፣ ማለትም ከጀልባዋ አካል ጋር የተያያዘበት ጠርዝ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ስንጥቅ አለ፤ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቷ በፊት ይህ ስንጥቅ አልነበረም። ከታች በኩል ደግሞ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። አንዱን በመርፌ ስወጋው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ።

ሁለት ባለሙያ አማክሬያለሁ። አንዱ «ዴኩን በትራፓኖ በስተን ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) እናፈስበታለን፣ በቃ ይጠነክራል» ይላል። ሌላው «ከላይ ሁለት ድርብ ፋይበር እንጨምርበት» ይላል። ለእንቁጣጣሽ ውሃ ላይ ብናወርዳት ደስ ይለን ነበር። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ በዚህ ዕድሜዋ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ወይ?


የምፅዋው | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3:25

ልጄ፣ ሁለቱንም አታድርግ።

ወጣትነቴን ምፅዋ ባሕር ኃይል፣ ጥገና ክፍል ነው የጨረስኩት። መጀመሪያ የመጨረሻ ጥያቄህን ልመልስ። ፋይበር ግላስ በዕድሜ ብቻ አይሞትም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ባሠራቸው የ40 ጫማ የፋይበር ጀልባዎች ላይ ከ10 ዓመትም ከ20 ዓመትም በኋላ ከቀፎው ናሙና ተቆርጦ ተፈትኖ፣ ጥንካሬው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ ቀፎዋ ጤነኛ ከሆነች ገንዘብህ አይባክንም።

የሚሞተው መሃሉ ያለው እንጨት ነው። ዴክህ ከላይ ቀጭን ፋይበር፣ መሃል እንጨት፣ ከታች ሌላ ቀጭን ፋይበር ነው። ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ሆነው ሲሠሩ ነው ሰው የሚሸከመው። ውሃ በብሎን ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ሲያበሰብሰው፣ ሁለቱ ፋይበሮች ተለያይተው ለየብቻቸው ይታጠፋሉ። የሚሰምጥብህ ለዚህ ነው። በቀዳዳ የሚፈስ ሬዚን ደረቅ እንጨት ውስጥ ያለን ክፍተት ሊሞላ ይችል ይሆናል፣ ውሃ የጠጣ እንጨት ግን ሬዚን አይቀበልም። ከላይ መደረብ ደግሞ ውሃውን ከነብስባሹ ማሸግ ነው። ክብደት ጨምረህ በሽታውን ደብቀህ ትሄዳለህ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። የታፈነ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በጠመኔ አክብበው፣ ከዚያ አራት ጣት ያህል ወደ ጤነኛው ውጣ። በትንሽ ግራይንደርና በቀጭን ዲስክ የላይኛውን ፋይበር ብቻ ቁረጥ፣ የታችኛውን እንዳትነካ። የቆረጥከውን ክዳን አትጣለው፣ ተመልሶ ይለጠፋል። የበሰበሰውን እንጨት በመሮ ጠርገህ አውጣ። ከዚያ አድርቅ። ማድረቁ ነው ሥራው፤ ሌላው በጥቂት ቀን ያልቃል።

ለእንቁጣጣሽ የሚለውን ግን ተወው።


የጎላው_ላሜራ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 4:05

ጋሼ፣ ስለ እንጨቱ ያሉት ትክክል ነው። ግን ክረምት ስለሆነ ሥራ ይቆማል ማለት አይደለም። እኛ ባምፐርና የሚኒባስ ጣሪያ ነሐሴም ሐምሌም እንሠራለን። ፖሊስተር ሬዚን፣ ማጠንከሪያው ሃርድነር፣ ማት (የፋይበር ክር ንጣፍ)፣ በላዩ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ሲቀዘቅዝ ሃርድነሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ለማድረቅም ከሥሩ የከሰል ምድጃ ቢቀመጥ በሁለት ቀን ይደርቃል።


ኬሚስቷ | ሐምሌ 7፣ ከቀኑ 7:30

ወንድሜ፣ ከሰሉን እባክህ ተወው። አንደኛ የፖሊስተር ሬዚን ሽታ ስታይሪን ነው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠልና ከአየር የሚከብድ ተን ነው፣ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ሁለተኛ በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። እናንተ ቀለም ስትጋግሩ የምትጠቀሙበት ባለ ቀይ አምፖል መብራት ካለ ከፋይበሩ ራቅ አድርጎ ማብራት ይሻላል፤ እሱም ሬዚን ክፍት በሌለበት ሰዓት።

ስለ ሃርድነሩ። ፖሊስተር ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው የሚፈልገው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም። ከዚያ በላይ ሲጨመር ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከ1 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ውስጡ ጨርሶ ሳይጠነክር ይቀራል፣ ላዩ ደርቆ ስለሚታይ ማንም አያውቅም። ከ15 ዲግሪ በታች ባይሠራ ነው የሚመረጠው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ቀን 20 ዲግሪ ቢደርስ ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል፣ እርጥበቱም አለ። ባምፐር ቢሰነጠቅ ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ፤ ጀልባ ሐይቅ መሃል ነው የምትሰነጠቀው።

አንድ ነገር ለሁሉም። ሃርድነሩ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። መነጽር አድርጋችሁ፣ አጠገባችሁ ንጹሕ ውሃ አስቀምጣችሁ ሥሩ። ከነካ ወዲያው ቢያንስ ሩብ ሰዓት በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ሬዚኑ ውስጥ የሚጨመረው ሐምራዊ ኮባልት ለብቻው ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ ይፈነዳል። አንዱ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተማሰለ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው።

ነፋስና_ሸራ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከላንጋኖ ስትጎትቷት የአየር ሳጥኑ ቡሽ ተዘግቶ ነበር?


ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 2:15

አዎ፣ ሁለቱም ቡሾች እንደተዘጉ ነው የመጣችው። ውሃ ላይ ሁሌም ዝግ ናቸው። ለምን ጠየቅሽኝ እህቴ?


ኬሚስቷ | ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 3:50

ስንጥቁ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,585 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ መሃል ወደ 2,350። ቡሹ ላንጋኖ ላይ ሲዘጋ ሳጥኑ ውስጥ የታሸገው አየር የላንጋኖን ግፊት ይዞ ይወጣል። እዚህ ሲደርስ የውጭው አየር ቀሏል። ልዩነቱን ሳሰላው ወደ 7.6 ኪሎ ፓስካል ይመጣል፣ በካሬ ሜትር ከ750 ኪሎ በላይ ግፊት ማለት ነው። ሳጥኑ በደንብ የታሸገ ከሆነ ያን ያህል ኃይል ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ መጀመሪያ የሚለቀውም መገጣጠሚያው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ አይመጣበትም፤ ተጎታቹ የሚወጣበት ዳገት የለማ።

ስለዚህ ስትወጣም ስትወርድም ቡሹ ተነቅሎ ይጓዝ። ስትወርድ ደግሞ በተቃራኒው ሳጥኑ ወደ ውስጥ ይጨመቃል።


ባቱ_መስመር | ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 2:20

ይህን በሕይወቴ አላሰብኩትም። እኛ ጋም ሁለት ጀልባ አለ፣ አንደኛዋ ልክ እዚያው ቦታ ተሰንጥቃለች። ዛሬውኑ ቡሾቹን እነቅላለሁ።

ከቻላችሁ ከጠገናችሁ በኋላ እንዴት እንደምትፈትኑት ጻፉልን።


የምፅዋው | ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 5:00

ኬሚስቷ የተናገረችው ልክ ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ባሕር ጠለል ላይ ስለሠራሁ አልታየኝም።

ፈተናው ቀላል ነው። ቡሹ ቀዳዳ ላይ ቱቦ ግጠምና በአፍህ ንፋ፣ ወይም በብስክሌት መንፊያ በጣም ቀስ ብለህ። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋ የነፋበትን ቦታ ምልክት አድርግ። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር እንዳታስነፋው፤ ያ ማሽን ሳጥኑን ገንጥሎ ይጥልልሃል።

ይህ መገጣጠሚያ በፖሊስተርና በማት ቢጠገን እኔ አልቃወምም፣ ላሜራው ልጅም ይህን ከሁላችን በላይ ያውቀዋል። የተሰነጠቀውን ጠርበህ ክፈት። በሁለቱም በኩል በ40 ወይም በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ አዲስ ሬዚን አሮጌ ሬዚን ላይ የሚይዘው በሻካራነቱ ነው። ዳር ዳሩን እየሳሳ እንዲሄድ ፍቀው፤ ፋይበሩ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ስሎፑ ወደ 36 ሚሊ ሜትር ይርዘም፣ አንድ ለአሥራ ሁለት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ አጭር ስሎፕ ሠርቶ ውፍረት ይጨምራል።

ዴኩ ግን ሌላ ነው። እንጨት ከፋይበር ጋር የሚጣበቅበት ቦታ ኢፖክሲ የሚባለውን ሌላ ሬዚን ነው የሚፈልገው። ፖሊስተር እንጨትን ለጊዜው ይይዘዋል፣ እንጨቱ ባበጠና በደረቀ ቁጥር ግን ይለቀዋል።


የጎላው_ላሜራ | ሐምሌ 8፣ ከቀኑ 8:45

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። ኢፖክሲ ግን የቀለም ሱቆች ጋ የሚገኘው የወለል ነው። እሱ ይሆናል?


ኬሚስቷ | ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 1:10

የወለል ኢፖክሲ ለቀለምነት የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማሟሟያና ሙሌት አለበት፣ ፋይበር ውስጥ አይገባም። ስትገዙ ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ፦ ማሟሟያ የሌለበት፣ ለፋይበር ማጣበቂያ የሚሆን መሆን አለበት። ድብልቁም እንደ ፖሊስተር አይደለም። ኢፖክሲ የተነገረውን መጠን በትክክል ይፈልጋል፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ሃርድነር ብትጨምሩ የተረፈው ሃርድነር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በሚዛን ስፈሩ፣ በዓይን አይሆንም።

ማቱም ላይ ጥንቃቄ አለ። ተራው ማት ክሮቹን አያይዞ የያዘው ሙጫ የሚሟሟው በስታይሪን ነው። ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም፣ ስለዚህ ማቱ ደርቆ ይቀራል፣ ጥግ ላይ አይተኛም። ለኢፖክሲ የተሸመነውን የፋይበር ጨርቅ ግዙ።

ኢፖክሲ ጠንክሮ ሲያልቅ፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ቀን፣ ላዩ ላይ ቅባት ቅባት የሚል ሽፋን ያወጣል። በሰፍነግና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ነው ብርጭቆ ወረቀት የሚነካው። ሳይታጠብ ከተፋቀ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታሻል፣ የሚቀጥለው ቀለም ይላጣል።


ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2:40

ዛሬ ክዳኑን አነሳነው። ልክ ጋሼ እንዳሉት ነው። እንጨቱ በጣት የሚፈርስ፣ ጥቁር፣ ሲጨመቅ ውሃ የሚወጣው ሆኗል። የሚገርመው መበስበሱ የሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፦ የፊተኛው ገመድ ማሰሪያ የታሰረበትን ብሎን ተከትሎ ወደ መሃል። ከብሎኑ በስተግራ ያለው እንጨት ነጭና ጤነኛ ነው። የብሎኑ ሲልከን ከአንድ ጎኑ ተላቅቆ ነበር።

እንግዲህ መቼ ነው «ደርቋል» የምንለው? በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፣ ግን አላምነውም።


የምፅዋው | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 4:05

ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው የላስቲክ ፍተሻ ነው። ነጭ ላስቲክ ካሬ ካሬ አድርገህ ቆርጠህ አራቱንም ጎን በፕላስተር በደንብ አሽገህ ፋይበሩ ላይ ለጥፍ። ፀሐይ ያገኘ ቀን ጠብቅ። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከያዘ ፋይበሩ ገና ውሃ እየተፋ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። መርካቶ ነጋዴዎች ጆንያ የሚመዝኑበትን ሚዛን ተከራይ። ዕቃዋን ሁሉ አውጥተህ ፊቷን ለብቻ፣ ኋላዋን ለብቻ መዝንና ደምር፤ ሁሌም ያው ቦታ ላይ አስደግፈህ። በየሁለት ሳምንቱ ድገመው። ክብደቷ መቀነሷን ስታቆም ደርቃለች ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከመስከረም ማብቂያ በፊት ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ዝናቡ ይቁም፣ ደረቁ አየር ይግባ፣ ጥቅምት ላይ ትዘጋታለህ። በጋውን ሙሉ ትነዳታለህ።

እብጠቶቹን በተመለከተ አትደንግጥ። ውሃ በጄልኮቱ (በፋይበሩ የላይኛ ሽፋን) አልፎ ውስጥ ያለውን የሚሟሟ ነገር ሲያገኝ ነው ያ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ የሚፈጠረው። እያንዳንዱን ከፍተህ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ፤ አሲዱ ካልታጠበ ቢደርቅም ተመልሶ ውሃ ይስባል። ሲደርቅ በኢፖክሲ ሙሌት ድፈን። የመኪና ስቱኮ ከውሃ መስመር በታች አይሁን፣ ውስጡ ያለው ዱቄት ውሃ ይጠጣል። የአንተ ጀልባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ አትውልም፣ ከስፖርቱ በኋላ ወጥታ ትደርቃለች፤ ቀፎዋን በሙሉ መላጥ አያስፈልግም።


ሸራ_ሰፊው | ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3:30

እኔ መርካቶ ሸራ ተራ ነኝ፣ የጭነት መኪና ሸራ ነው የምሰፋው። አንድ ወንድም የጀልባ ሸራ አምጥቶልኝ ሰፍቼ አውቃለሁ። ጨርቁ ደህና ነበር፣ ያለቀው ክሩ ነው። በጥፍር ስትጭረው ክሩ እየተበጠሰ ይነሳል፤ የደጋ ፀሐይ በላው። ስታሰፉ ወፍራም የፖሊስተር ክር ይሁን፣ ጥጥ አይሁን። ስፌቱም ዚግዛግ፣ በድሮው ቀዳዳ አጠገብ። ቀጥ ያለ ስፌት ሸራው ሲወጠር ይበጠሳል።

ሸራውን ሳታጥቡ አታምጡ እባካችሁ፣ የላንጋኖ ደለል መርፌ ይሰብርብናል።


ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 1:55

ሸራ_ሰፊው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ታጥቦ ነው የሚመጣው።

እሺ፣ ጥቅምት ላይ ተስማማሁ። ቤተሰቡ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ግን እንጨቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ የተከራከረኝ የለም። እስከዚያ በዝናቡ ወቅት ምን ልሥራ?


የጎላው_ላሜራ | ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 4:40

ተጎታቹን! ሰው ጀልባውን ሲያባብል ተጎታቹን ይረሳል፣ ከዚያ ሞጆ ላይ ጎማው ወልቆ ይቆማል። ኩሽኔታዎቹን አውጥተህ በጋዝ እጠብ፣ አንድ እንኳ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ነጥብ ካየህበት ቀይር። የውሃ ግራሶ ሙላ። ኩሽኔታው ከመንገድ ሞቆ እንደመጣ ወደ ሐይቅ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ደርሳችሁ ቡና ጠጥታችሁ፣ ሲበርድ አስገቡት። ባሌስትራውንም እየው፣ ከመሃል ቅጠሉ ጀምሮ ነው የሚዝገው።

ለዴኩ ምትክ እንጨት ደግሞ ሙጫው ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ ፈልግ። ቁራጩን አፍልተህ ሞክረው፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ አትግዛው።


የምፅዋው | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 6:15

ላሜራው ጥሩ ብሏል። እኔ የምጨምረው የምሰሶው ሽቦዎች ናቸው። በጥጥ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጥረግ፤ ጨርቁ ከተያዘ የተበጠሰ ክር አለ፣ ሽቦው ይቀየራል። ጫፉ ላይ የተጨመቀውን ብረት በማጉያ መነጽር እየው፣ ቀጭን ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ምሰሶው አልሙኒየም፣ ብሎኖቹ ስቴንለስ ከሆኑ በመካከላቸው ፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ። ሁለቱ ብረቶች በውሃ ሲገናኙ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፣ የላንጋኖ ውሃ አልካላይን ስለሆነ ደግሞ ይብስበታል።

የዴኩን የብሎን ቀዳዳዎች እንደ ድሮው አትመልሳቸው። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ12 ሚሊ ሜትር ብሳ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲጠነክር መሃሉን በ6 ብሳ። ከዚያ በኋላ ሲልከኑ ቢለቅ እንኳ ውሃው ኢፖክሲ ነው የሚያገኘው፣ እንጨት አያገኝም። ይህን የሠራ ሰው ሁለተኛ ዴክ አይከፍትም።


ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። የመሃል ሳንቃው (ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውሃ የሚወርደው) እንጨት ነው፣ አብጦ ከቤቱ አይወጣም ነበር። እንዴት ላሽገው? ጄልኮቱንስ ዴኩ ላይ መልሼ ልቀባ?


ኬሚስቷ | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 4:20

ጄልኮት ፖሊስተር ነው፣ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይደርቅ ይቀራል። ዴኩን የመኪና ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ባለ ሁለት ኬሚካል ፖሊዩሬቴን ቀባው፣ በብሩሽና በሮለር። በስፕሬይ ከሆነ ግን ያ ጭጋግ ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ ምንም አይከላከልም፣ አየር ከውጭ የሚመጣበት ጭንብል ላለው ባለሙያ ስጡት።

ሳንቃውን እስከ ጥሬ እንጨቱ ፍቀህ አድርቀው። ኢፖክሲውን የምትቀባው ከሰዓት በኋላ፣ ከፀሐይ እንዳነሳኸው ጥላ ሥር ነው። እንጨቱ እየበረደ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባልና ሬዚኑን ይመጥጠዋል። ጠዋት ብትቀባው አየሩ እየሞቀ ይወጣና ላዩን በአረፋ ይሞላዋል። የዴኩን ፋይበር ግን በተቃራኒው፣ ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ ጀምረህ ከሰዓት በፊት ጨርስ፣ የጥቅምት ሌሊት ሳይቀዘቅዝበት እንዲጠነክር። ሬዚኑንም ሌሊቱን ቤት ውስጥ አሳድረው።

ስትቀባ ሳንቃው በቤቱ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ በሁለቱም ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር መተው አትርሳ፤ ሦስት ድርብ ኢፖክሲም ውፍረት አለው።


ነፋስና_ሸራ | ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2:50

ተረድቻለሁ። ሚዛኑን ለሰኞ ተነጋግሬያለሁ፣ የመጀመሪያውን ክብደት እዚሁ እጽፋለሁ። ባቱ_መስመር፣ ያንተንም ጀልባ ፎቶ ላክልን፣ የስንጥቁን ቦታ እናመሳክር።